ጎበዝ፣ መካከለኛ፣ ሰነፍ

«ዜሮ! ከሠላሳ ዜሮ! ለዚያውም ለእማማ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ መታወቂያዋን ለኮፒ እያቀበለች። አብሯት የመጣው የታክሲ ረዳት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ራሱን ነቀነቀ። «ዜሮውስ ይሁን፤ መምህሩ አስነስቶ ማቆሙ ነው እኔን የከነከነኝ» አለ። «‹በዚህ ዕድሜዎ ሰው የጻፈውን ይዘው ሲመጡ አያፍሩም?› አላቸው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። እሳቸው ደግሞ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጄ›። በቃ፣ ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ።» ከዚያ ሁለቱ ተያዩና፣ ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ እንደሚስቀው ሳቅ ሳቁ። ፀጉር ሠሪዋ ሃያ ስምንት፣ ረዳቱ ሃያ አንድ ነበር ያገኙት። የሁለቱም ጽሑፍ የተገዛው ደግሞ ከዚሁ ከተደገፉበት ባንኮኒ ላይ ነው።

ባለሱቋ ፕሮፌሰር መታወቂያውን ማሽኑ ላይ አስተኝታ ክዳኑን መዝጋት ረሳች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሄዶ ተመለሰ። «የትኛዋ እማማ?» አለች፣ እያወቀች። በከሰዓቱ የጎልማሶች ክፍል እማማ የሚሏት ሴት አንድ ናት፤ እሷም የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ የፕሮፌሰር እናት ታላቅ እህት፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት «እትዬ» ናት። ዝምድናቸውን ክፍሉ አያውቅም። እንዳይነገር ያለችውም እትዬ ራሷ ነበረች፤ «የባለሱቋ አክስት ናት፣ እየጻፈችላት ነው ይሉኛል» ብላ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሴን አመመኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ዛሬ ጠዋት ሻይዋን ቆማ ጠጣችና፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ከሰዓት ከሰዓት እቤት ነኝ፤ የሚታጠብ ካለሽ አስቀምጪልኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ፕሮፌሰር ሆዬ፣ ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሰጥቶ ይሆናል ብላ አለፈችው። አይ ልብ ማጣት! ሴትዮዋ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ሲጥል እንኳ፣ አንድ ቀን ሳትቀር የሄደችበትን ትምህርት ቤት «ከእንግዲህ» ስትል ምነው አንዴ ቀና ብላ ብታያት።

እንግዲህ የፕሮፌሰርን ቤት የማያውቅ ተማሪ በዚያ ሰፈር የለም። ከመድኃኒት ቤቱና ከጫማ ሰፊው መሀል የገባች፣ ስፋቷ ከበሯ እምብዛም የማይበልጥ ክፍል ናት፤ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሰው ይዟት እንዳይሄድ በሲባጎ የታሰረች ስቴፕለር። ፕሮፌሰር ያሏት ተማሪዎቹ ናቸው እንጂ ራሷ ያቆመችው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ግን ትምህርት ቤቶቹን አጥንታቸዋለች። መምህር ቢቀያየር፣ ዓመት ቢቀያየር፣ የሚሰጡት የጽሑፍ ሥራ ዞሮ ዞሮ አራት ነው፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኅብረተሰብ። እሷም በአራቱ ላይ ሦስት ሦስት ዓይነት ጽፋ ኮምፒውተሯ ውስጥ አስቀምጣለች፤ ጎበዝ፣ መካከለኛ፣ ሰነፍ። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰነፍ ተማሪ የጎበዝ ጽሑፍ ይዞ ቢገባ ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ «እስቲ ደብተርህን» ትለዋለች፤ ሁለት ገጽ ገልጣ ትመዝነዋለች፤ ከዚያ የሚመጥነውን ታወጣለታለች። በሰነፉ ጽሑፍ ውስጥ ስህተት የምትዘራው ተጨንቃ ነው፤ አንዱ ሐሳብ ይደገማል፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳይቋጭ ይቀራል። «ከጎበዙ ይልቅ የሚያደክመኝ ሰነፉን መጻፍ ነው» ትላለች እየሳቀች። ሙያ ነው፣ ምን ይደረግ።

«ርዕሱ ምን ነበር የእማማ?» ብላ ጠየቀች። «ቴክኖሎጂ ነዋ፣ እንደኔው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «መግቢያውና መደምደሚያው ከኔ ጋር ቃል በቃል አንድ ሆነና ሁለታችንንም አስነሳን። ‹ማን ነው የጻፈው?› ሲል እኔ የራሴ ነው አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? እሳቸው ይቅርታ አሉ፣ እኔ ተቀመጥኩ።» ድምጿ ወደ ታች ወረደ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃዠኝ ነው ያደረው፣ እውነት።» ፕሮፌሰር ይህን ስትሰማ እጇ ቀድሟት ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። «እትዬ» ብላ ያስቀመጠችውን ፋይል ከፈተች። የመጀመሪያው አንቀጽ፣ «የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ኑሮውን ለማሻሻል ያልፈነቀለው ድንጋይ የለም» ይላል። እትዬ ድንጋይ የምትፈነቅል ሴት አይደለችም፤ ይህ የፕሮፌሰር ድንጋይ ነው፣ አርባ ጊዜ የተሸጠ ድንጋይ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው የእትዬ የሚጀምረው፤ «እኛ ክፍል ማሽን የመጣው ሰኞ ቀን ነው። ከመኪናው ላይ አምስት ሰው ተሸክሞት ገባ። አምስታችንም አጨበጨብን። በወሩ ሦስታችን ብቻ ቀረን።» መጨረሻው ላይ ደግሞ ያቺው የለመደችው፤ «ስለዚህ ቴክኖሎጂን በአግባቡ ከተጠቀምንበት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል።»

ወይ ጉድ! አሁን ሁሉም ነገር ታወሳት። እትዬ «እንደ ሰው በታይፕ ይሁንልኝ» ብላ አራት ገጽ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ሰጥታት ነበር። ፕሮፌሰርም ገጹን አዲስ ከምታስተካክል ብላ «ቴክኖሎጂ ጎበዝ» የሚለውን ፋይል ከፈተች፤ ስሙን ቀየረች፤ ሆዱን አጥፍታ የእትዬን አስገባች። ያኔ ሰባት ሰው ቆሞ «ቶሎ በይ» እያለ ነበር። ራሱና እግሩ የፕሮፌሰር ሆኖ ቀረ። ሳታነበው አተመችው፤ ስቴፕል መታችው፤ «ያውልሽ እትዬ» አለቻት። ይህን ስህተት ሌላ ሰው አይሠራውም፤ ሲሸጥ የኖረ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። በእርሳስ የተጻፈውን ልፈልግ ብላ ከባንኮኒው ሥር ያለውን የአሮጌ ወረቀት ሣጥን ገለበጠችው። አንድ ገጽ እንኳ የለም። የሙከራ ወረቀት አድርጋ በጀርባው ያተመችበት ራሷ ናት፤ የማን የሥራ ማመልከቻ፣ የማን የቤት ኪራይ ውል እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

«ውጡ፣ ውጡልኝ፣ ልዘጋ ነው» አለች። «መታወቂያዬስ?» «ያውልሽ መታወቂያሽ!» የብረቱን በር ስታወርደው ጫማ ሰፊው ጎረቤቷ፣ «ምነው፣ ሰላም አይደለም እንዴ?» ብሎ ተነሣ። በረፋድ ዘግታ አታውቅም። እሷ ግን መልስ ሳትሰጠው ታክሲ ለመጠበቅ እንኳ ትዕግሥት አጥታ በእግሯ ወደ ሆስፒታሉ ገሰገሰች። የሚነዳት ንዴት ነው፣ እፍረት ነው፣ ደግሞ ሌላ ነገርም አለበት፤ ያቺን የሰኞ ቀን ማሽን ያነበበችው ዛሬ ገና ነው፣ ያን ሁሉ ስትመታው ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላየችውም ነበር። አሥራ ሁለት ጽሑፍ የጻፈች ሰው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልጻፈችም። «አጨበጨብን» አለች መንገድ ላይ ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ፤ አንድ ሎተሪ አዟሪ ዞር ብሎ አያት።

ልብስ ማጠቢያው ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው፤ መስኮቱ ላብ የመሰለ እንፋሎት ያወርዳል። ትልቁ ማሽን መሀል ወለሉን ይዞ ያንጎራጉራል። እትዬ ክንዷ ላይ የጎማ ጓንት አጥልቃ አንሶላ ትለያለች። ፕሮፌሰርን ስታያት፣ «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለች። «አንቺን ነው ሊገድሉሽ የነበረው! ለምን ይቅርታ አልሽው? ያንቺ ጽሑፍ ነው እኮ!» እትዬ ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።» አንድ አንሶላ አንሥታ አጠፈች፤ ሌላ አንሥታ አጠፈች። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ናቸው፤ ሃያ አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረው፣ ዋናውን ነገር ጥርስ ነክሰው ማሳለፍ ይችሉበታል። በመጨረሻ እትዬ ቀና ሳትል፣ «አይቼው ነበር» አለች። «ፊቱንና ኋላውን ስታሳምሪልኝ አይቼዋለሁ። የኔ ብቻውን አያምርም ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ፕሮፌሰርን ሰው በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። «አላሳመርኩትም እትዬ። ረስቼው ነው። የሌላ ሰው ራስ ነው ያንቺ ላይ የቀረው።» እትዬ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ ማጠፍ አቆመች። «መምህሩ ደግሞ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለች። «የኔ ነው ብል፣ ይህስ ከየት መጣ ይለኛል። ከየት መጣ ስባል ያንቺን ቤት ልጥራ? በራችንን በገዛ እጄ ላዘጋው? ተይው በቃ፤ ሆድ ይፍጀው።» «ሆድሽ ስንቱን ይፍጅ!» አለች ፕሮፌሰር፤ ጮኸችና ሁለቱ አጣቢዎች ዞር አሉ። «ገልብጦ የተያዘ ዓመቱን ይደግማል፣ ታውቂያለሽ አይደል? ስምንተኛን ትደግሚያለሽ?» እትዬ ሳቅ አለች፣ ደረቅ ሳቅ። «በሃምሳ አራት ዓመቴ ዓመት የሚደገምልኝ መስሎሻል? አልደግምም። አልሄድም። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ይበቃኛል። ወደ ሥራሽ ሂጂ።» ፕሮፌሰር ግን ሂጂ ወደተባለችበት አልሄደችም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብላ እየሮጠች ወጣች። ከኋላዋ «አንቺ! የት ነው? አንቺ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ አልዞረችም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ላይ አቆማት። «ወላጅ ነሽ?» «አዎ፣ ወላጅ ነኝ።» «የማን?» «የአክስቴ።» ዘበኛው ነገሩን ሊያሰላስል ቆም ሲል በብብቱ ሥር አልፋ ገባች። ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ውስጥ ነበሩ፤ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ሰው ሲናገር እስክሪብቶ የማይነኩ ሴት ናቸው። የቋንቋ መምህሩም እዚያው ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ የነካው፣ ከፊቱ አርባ አንድ የታረመ ወረቀት የከመረ። ፕሮፌሰር ሳትቀመጥ ተናገረችው። የኮፒ ቤቱ ባለቤት መሆኗን፣ የእማማ ልጅ መሆኗን፣ ጽሑፍ መሸጧን፣ የፋይሉን ስህተት፣ ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ። ስትጨርስ ላቧ በጆሮዋ ሥር ወረደ። መምህሩ ግን ከንፈሩን አጣመመ። «ስለ አክስትሽ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል» አለ። «እኔ የተማሪዬን ጽሑፍ አውቃለሁ። እዚህ ውስጥ ተገዝቶ የመጣው የእሳቸው ብቻ ነው።»

ይሄኔ ፕሮፌሰርን እልህ ያዛት። «እንግዲያው ከዚያ ክምር አንዱን ያንሡ» አለችው። «ስሙን አይንገሩኝ። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያንብቡልኝ።» መምህሩ ወደ ርዕሰ መምህሯ አየ፤ እሳቸው በአገጫቸው «አንብብ» አሉት። አነሣና አነበበ፤ «ታሪክ የአንድ ሕዝብ...» «...የትናንት መስታወት፣ የዛሬ መሪ፣ የነገ ስንቅ ነው» አለች ፕሮፌሰር ተቀብላ። «ታሪክ፣ መካከለኛ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹ያለፈውን የማያውቅ መጪውን አያውቅም› ይላል፤ ከታች ሁለት መስመር ባዶ ነው።» መምህሩ ገጹን ገለጠ። ባዶ ነው። ሌላ አነሣ፤ ገና ሦስት ቃል ሳያነብ፣ «ኅብረተሰብ፣ ጎበዝ» አለችና እስከ ታች ወረደችው። ሌላ። «ሥነ ጽሑፍ፣ ሰነፍ። ይኸውልዎት፣ ሦስተኛው መስመር ሳይቋጭ ይቀራል፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት።» መምህሩ ወረቀቱን አየው። ጠርዙ ላይ በቀይ፣ በራሱ እጅ፣ «በርታ፣ እየተሻሻልክ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ፤ ሲስቁ እንዳይታዩ ይመስላል። አንዱን ደግሞ ሲያነብላት ዝም አለች። «ይህ የኔ አይደለም» አለች። «ይህን ልጅ አላውቀውም፣ የራሱ ነው።» ክምሩ ሲያልቅ ሃያ ስድስቱ የእሷ ሆነው ተገኙ። መምህሩ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የልጅ ፊት ነው ያለው ለካ፤ ሲከፋው ታየ። ፕሮፌሰር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስትፎክር ነበር፤ አሁን ግን ምን ሠራሁ አለች።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እትዬ ናት፤ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ አንዱ ጓንት እጇ ላይ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ከኋላዋ ዘበኛው፣ «ይቺም ወላጅ ነኝ ነው የምትለው!» እያለ። «ልጅቷን አትንኩብኝ» አለች እትዬ። «ያለችውን ሁሉ አትስሟት። ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ አለቀ።» ርዕሰ መምህሯ ተነሥተው ወንበር ሳቡላት። «እማማ፣ ይቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እዚህ፣ አሁን፣ ሰው ሳያግዝዎት ይጽፋሉ?» እትዬ ፕሮፌሰርን አየች፤ መምህሩን አየች፤ ጓንቷን አወለቀች። «ስለ ምን?» አለች። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥነ ጽሑፍ ይሁን። ማንበብ ለሰው ልጅ ምን ይጠቅማል? አንድ ሰዓት አለዎት።» «እርሳስ ይሻለኛል» አለች እትዬ። ርዕሰ መምህሯ የራሳቸውን ጠረጴዛ ለቀቁላት፤ ፕሮፌሰርንም በትከሻዋ ይዘው አስወጧት።

ያቺ አንድ ሰዓት! ፕሮፌሰር ኮሪደሩን ስትመላለስ ዘበኛው አዘነላትና ወንበሩን ሰጣት፤ አልተቀመጠችም። አሥራ ሁለት ጊዜ ለመቶ ሰው ጽፋለች፣ እንዲህ ደሟ ፈልቶ አያውቅም። ጭንቅላቷ ውስጥ ራሷ መጻፍ ጀመረች፤ «ማንበብ ለሰው ልጅ የዕውቀት በር ከፋች...» አይ! እሱን አትጻፊ እትዬ፣ እሱን አትጻፊ። በመስታወቱ በኩል የእትዬ ጀርባ ይታያል፤ ጎንበስ ብላለች፣ ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ቆመ። ፕሮፌሰርም መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። እትዬ ላጲሱን አነሣች፤ ጠረገች፤ እንደገና ቀጠለች። «ጎሽ!» አለ ዘበኛው፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳያውቅ። የከሰዓት ተማሪዎች አንድ ሁለት እያሉ መግባት ጀመሩ። ፀጉር ሠሪዋ ከሩቅ አየቻትና ቀለሟ ተለወጠ፤ ፕሮፌሰር በእጇ «እለፊ» አለቻት።

ሲጠሯት መምህሩ ወረቀቱን ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። «ጮክ ብለህ አንብበው» አሉት ርዕሰ መምህሯ። አነበበው። «ማንበብ ሳልችል ሆስፒታሉ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አጥቤያለሁ። ልብስ የሚመጣው በከረጢት ነው። ከረጢቱ ላይ ጽሑፍ አለ። እኔ በቀለሙ ነበር የምለየው። ሦስተኛ ክፍል ስገባ አንድ ቀን አንዱን ከረጢት አነበብኩት። የሕፃናት ክፍል ይላል። ደስ አለኝ። ሌላውን አነበብኩት። አስከሬን ክፍል ይላል። እጄ ቆመ። ያንን ከረጢት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየዘፈንኩ ነው ያጠብኩት። አሁን ያ ሲመጣ አልዘፍንም። ለብቻው አጥበዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ይመስለኛል። ሌላም ጥቅም አለው ይባላል፤ እኔ ገና አልደረስኩበትም።» ሲጨርስ ፕሮፌሰር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ከአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች ይህን አልሰማችም፣ ጠይቃም አታውቅ። እትዬ ደግሞ «ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?» ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ቆሞ ማረም ጀመረ፤ እዚህ ከበበ፣ እዚያ ሰረዘ፣ ጠርዙ ላይ ጻፈ፣ ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበ። ከዚያ ከራስጌው ላይ ቁጥር አስቀምጦ ለእትዬ አቀበላት። አሥራ ዘጠኝ። «አሥራ ዘጠኝ?» አለች ፕሮፌሰር እንባዋን ሳትጠርግ። «ለዚህ? ለኔ ድንጋይ ፈንቃይ ጽሑፍ ሃያ ስምንት ሰጥተው ለዚህ አሥራ ዘጠኝ?» «አንቀጹ አልተከፈለም፣ የፊደል ግድፈት አለው፣ መደምደሚያው አጭር ነው» አለ መምህሩ። «ያንቺን ሳላነብ ነው ሃያ ስምንት የሰጠሁት። ይህንን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።» ወደ እትዬ ዞረ፤ ጆሮው ቀልቷል። «ያዋረድኩዎት ክፍል ውስጥ ነው፤ ይቅርታዬም እዚያው ይሁን። ይምጡ።» እትዬ ግን አልሰማችውም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቁጥሩን ታያለች። «አሥራ ዘጠኝ» አለች። «አሥራ ዘጠኝ! ልጄ፣ አሥራ ዘጠኝ እኮ ነው!» ብላ ፕሮፌሰርን በዚያ ሳሙና በሚሸት ካፖርት አቅፋ ጨመቀቻት።

ከክፍሉ ጭብጨባ ሲሰማ ፕሮፌሰር ቢሮው ውስጥ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ብቻዋን ነበረች። እሳቸው አልጮሁባትም። ሃያ ስድስቱ ተማሪዎች ነገ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በእጃቸው፣ ከአዲስ ይጽፋሉ አሉ። «አንቺ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ዛሬውኑ ታጠፊያለሽ። የሰነፎቹንም ጭምር።» ፕሮፌሰር «እሺ» አለች። ወጥታ ስትሄድ ዘበኛው «እንዴት ሆነ? ልጅሽ አለፈች?» አላት፤ «አለፈች!» አለችው፣ ሳቅም ለቅሶም እየቀደማት።

ሱቁን ስትከፍት ሦስት ሰው ቆሞ ይጠብቃት ነበር። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አንድ በአንድ መረጠቻቸው፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኅብረተሰብ። አሳዘኗት፣ መዋሸት አያስፈልግም፤ በተለይ ሰነፎቹ፣ ስንት የለፋችባቸው። ዐይኗን ጨፍና ቁልፉን ተጫነችው። «እኅቴ፣ ኅብረተሰብ መካከለኛ አለሽ?» አለ አንዱ ደንበኛ፣ ደብተሩን ለምዘና አስቀድሞ እየዘረጋ። «ኅብረተሰብ የለም» አለችው። «ምነው፣ አልቆ ነው?» «አልቋል። ራስህ ጻፈው።» ሰውየው ቀልድ መስሎት ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እያጉረመረመ ሄደ። ቤቷ ከነገ ጀምሮ በመታወቂያና በማመልከቻ ብቻ መኖር አለባት፤ ይከብዳል። ግን ዛሬ ይህ ሐሳብ ሊይዛት አልቻለም፣ ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏታል።

እትዬ ከትምህርት ስትወጣ በቀጥታ መጣች። ወረቀቱን እንዳይታጠፍ በካርቶን መሀል አድርጋዋለች። «አራት ኮፒ» አለች ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ኮራ ብላ። «ሁለት ለሥራ ክፍሌ ሰዎች፣ ሁለት ማሽኑ ላባረራቸው።» ፕሮፌሰር የመጀመሪያዋን አወጣችላት። እትዬ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ ቅር አላት። «ቀዩ የታለ?» «ማሽኑ ጥቁር ብቻ ነው የሚያወጣው፣ እትዬ። ቀዩ ምን ያደርግልሻል? ስህተት እኮ ነው የሚያሳየው።» ከዚያ ፕሮፌሰር፣ ልብ ብላ ሳይሆን ከልማድ፣ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። «ይልቅ ስጪኝ፣ ግድፈቱን አስተካክዬ በታይፕ ንጹሕ አድርጌ...»

«አንቺ!» አለች እትዬ፤ ወረቀቱን ከባንኮኒው ላይ አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እጅሽን ሰብስቢ!» ፕሮፌሰር ሁለት እጇን ወደ ላይ እንደ ያዘች ቀረች። ለአፍታ ተፋጠጡ፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈረሱ፣ ባንኮኒው ላይ እስኪደፉ ድረስ። እትዬ ዐይኗን በካፖርቷ እጅጌ ጠርጋ፣ ኮፒውን ትታ፣ ዋናውን ይዛ ወጣች። «እኔው ራሴ ዞሬ አሳያቸዋለሁ» አለች ከደጅ። ፕሮፌሰር ከውስጥ ትሰማታለች፤ መጀመሪያ ለጫማ ሰፊው፣ ከዚያ ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ከዚያ ለማታውቀው መንገደኛ፤ «እየው፣ እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ፣ እዚህም፣ እዚህም። አሥራ ዘጠኝ!»